በቀኝ አውለኝ

አርባ ዓመት ሙሉ፣ ሱቄን ስከፍተው፣
«በቀኝ አውለኝ» ነው አፌ የሚለው።
ሰኔ ማለቂያ ላይ፣ ሞጣን ጉም ሲውጣት፣
መቀሴ ወደቀች፤ ጎንበስ አልሁ ላነሳት።
እጄ አልሄደችም፤
ልቤ ነው የሄደው።
እግሬ ከመርገጫው ተንሸራተተች፣
የወይዘሮ ጥሩዬ ቀሚስ ጠርዝ ላይ መርፌዋ ቆመች።
«አንጓች» ብዬ ሚስቴን ልጣራ ስነሳ
«አ» ብቻ ወጣችኝ፤ የቀረውን ምላሴ ረሳ።

«ግራ ገባኝ» ሲሉ እሰማለሁ ድሮ፣
ወርቁን ያገኘሁት ቀኜ ሲተኛ ነው ዘንድሮ።

ጎረቤት መከረ። «ምች ነው» ያለ አለ፤
«ዓይን ነው፣ የሰው ዓይን» ሌላው ቀጠለ።
ወጌሻ ገደፋው ቅቤ አሙቆ መጥቶ
ሲያሸኝ አመሸ፣ ክንዴን እንደ ሊጥ አቡክቶ።
«አጥንትህ ደኅና ነው፤ ይኼ ከኔ በላይ»
ብሎ ብሩን መልሶ ሄደ፤ እንዲህ ያለ ሰው አለ ወይ?

ጸበልም ተጠመቅሁ፣ ሰባት ሙሉ ንጋት።
ቀዝቃዛ ነው ውኃው፣ ያስጮኻል፤ ያ ጩኸት
ከጠመመው አፌ ቀጥ ብሎ የወጣ የመጀመሪያው ጸሎት።

የእህቴ ልጅ ታደገ ከናዝሬት ደውሎ፦
«ጓንት አለ፣ አጎቴ፤ በኤሌክትሪክ ነው፤ ጣት ይዘረጋል ቶሎ።»
ዋጋውን ብጠይቅ ድምፁ ተቆራረጠ፣ «ኔትወርክ ነው» ብሎ።
«የቻይና መርፌም አለ» አለች አንዲት ዘመድ፣
«ገላ ላይ ሰክተው ደሙን የሚያስኬድ።»
ሳቅሁ በግማሽ አፌ። መርፌ የሚያድን ቢሆን
አርባ ዓመት ተወግቼ እንዴት አገኘኝ ይህ ቀን?

ባሕር ዳር አደረሰችኝ አንጓች፣ በአዴት በኩል።
ፊዚዮቴራፒስቱ ለጋ ልጅ ነው፤ ስሙ ምንይችል።
(በሆዴ፣ «ምን ይችል ይሆን?» አልሁ፤ ይቅር ይበል።)
እጄን እንደ እንቁላል አንስቶ አስቀመጠና
«ሥራዎስ?» አለኝ። በግራዬ አየሩን ቀደድሁ፣ ሰፋሁና
አሳየሁት።
«መኪናው በእግር ነው?» ራሴን ነቀነቅሁ።
«እንግዲያ ለሳይክል ብር አያውጡ» አለኝ፤ ሰማሁ፣ አላመንሁ።
«እጅዎ አልሞተችም፤ መንገዱ ነው የተቆረጠ፤
አንጎል አቋራጭ ያወጣል፣ ሺህ ጊዜ ከተረገጠ።»
«ሺህ?» አልሁት በዓይኔ።
«ሺህ፤ በየቀኑ።»

ሞጣ ስንመለስ አንጓች ወደ ሱቁ ሄደች፣
ደንበኛ ልኩን የሚያይበትን መስተዋት ነቅላ አመጣች፤
በሁለቱ እጆቼ መሐል አቆመችው፣
ቀኜን ከጀርባው ደበቀችው።
ግራዬ ቁልፍ ትቆልፋለች፤ መስተዋቱ ውስጥ ግን
የምትቆልፈው ቀኜ ናት፣ ጤነኛ፣ እንደ ድሮዋ ቀን።
«ውሸት ነው ይኼ» አልሁ። ኋላ ግን ትዝ አለኝ፦
እዚሁ መስተዋት ፊት ኮቱ የጠበበውን፣ ትከሻው የወደቀውን ሰው
«አማረብህ!» ያልሁት እኔ አይደለሁም እንዴ? ዛሬ የኔ ተራ ነው።

ከሰዓት ደግሞ መርገጫው ላይ
እግሬን በመቀነቷ ጠፍራ ታስረኛለች፤
ግራዬ ትጎትታለች፣
ቀኜ እንደ ሰነፍ ተማሪ እየተነጫነጨች ትከተላለች።
አንጓች አጠገቤ፣ ለአንድ ርግጫ አንድ ባቄላ ጣሳ ውስጥ ትጥላለች።
«ስንት ሆነ?»
«ሁለት መቶ ሠላሳ።»
«ሠላሳ አንድ ነው፤ አንዷን ሰርቀሻል።»
(ይህን ሁሉ የምለው በሦስት ቃል ነው፤ እሷ ትሞላዋለች።)

በመስቀል ማግስት አውራ ጣቴ ነቃች።
አንድ ጊዜ። ተኛች።
አንጓች አላየችም፣ የወደቀ ባቄላ ትለቅም ነበር፤
እስኪመሽ ለማንም ሳልነግር
ጣቴን እንደ ተኛ ሕፃን ሳያት ቆየሁ።

ክሩ አሁንም ከመርፌ ዓይን አይገባልኝም፤ አንጓች ናት የምታስገባው።
የወይዘሮ ጥሩዬ ቀሚስ ግን አለቀ፤ ጠርዙን እኔው ነኝ የሰፋሁት።
ከግማሽ ወዲያ ስፌቱ ይወላገዳል።
«ልተርትረው?» አልኋት።
ጣቷን ከጠመመው ላይ አሳረፈችና፣
«ተወው፤ እዚህ ጋ ነው የታመምኸው» ብላ ከፈለችኝ።

ጠዋት ሱቄን በግራ እጄ ነው የምከፍተው፣
አፌ ግን ከልማዱ «በቀኝ አውለኝ» ነው የሚለው፣
ትንሽ እየተኮላተፈ።
«ና እንጂ!» ትላለች አንጓች፣ ባዶ ጣሳዋን እያንኳኳች፤
«ሺው ሳይነካ ነው ያለው።»